ሰባተኛው ጉድጓድ

ወደ ባንዲራው ሳይሆን ወደ ገደሉ ነው ማነጣጠር ያለብኝ፣ ይህን የሚያውቅ እዚህ ከቆመው ሰው ሁሉ እኔና እሱ ብቻ ነን፣ እሱም ያወቀው ከእኔ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከቆላው ተነሥቶ የገደሉን ግድግዳ ይዞ ይወጣና ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ቀጥታ የተመታ ኳስ ባንዲራውን አልፎ ጨፌው ውስጥ ይሰምጣል፣ ወደ ገደሉ የተመታ ግን ጠፋ ሲባል ይመለሳል። የጎልፉ ዱላ እጄ ላይ ቀዝቅዟል። ሁሉም ያዩኛል። አንገቴ ቀልቷል፣ ይታወቀኛል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሲያየኝ እንዲህ ነኝ፣ አስተማሪ ከሆንኩ ስንት ዓመቴ፣ አሁንም ክፍል ስገባ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ለጥቁር ሰሌዳው ነው የማስተምረው።

አስተርጓሚያችን እስቲ ትሞክር፣ አለ መልከ ጼዴቅ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ከአዲስ አበባ በሦስት መኪና የመጡ ናቸው፣ ጓንት ያጠለቁ፣ መነጽር ያደረጉ፣ አንዷ ኧረ ዱላውን እንደ ዘነዘና ጨበጠችው ብላ ሳቀች፣ ትሳቅ። አስተርጓሚያችን። ትርሲትዬ ነበርኩ፣ መሐንዲሴ ነበርኩ፣ አራት ዓመት ሙሉ በስልክም በደብዳቤም መሐንዲሴ እያለኝ፣ ዛሬ ሰው ፊት ሲሆን አስተርጓሚ ሆንኩ፣ ከጀርባዬ ያለው ሰሌዳ ደግሞ ትናንት የተተከለ ነው፣ ሲሚንቶው አልደረቀም፣ ሰባተኛው ጉድጓድ፣ ንድፍ፣ መልከ ጼዴቅ ዓምደ ሚካኤል፣ ጠዋት አንብቤው ስጨርስ እንደገና አነበብኩት፣ ስሜ ከታች በትንሹ ተጽፎ እንደሆነ ብዬ ጎንበስ አልኩ፣ እንዴት አፈርኩ፣ ማንም አላየኝም፣ ብቻዬን አፈርኩ።

ከአጥሩ ወዲያ፣ ከሚካኤል በር ላይ፣ ነጭ ነጭ ነገር ይታየኛል። ሰው እየተሰበሰበ ነው። ረቡዕ ነው፣ ቅዳሴ ከሰዓት ነው የሚወጣው፣ ወጥቷል ማለት ነው።

ጊዜ የለኝም።

ሲመጣ በዘጠና ስምንት ነበር፣ ጥር እንደ አሁኑ፣ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ፣ የሞላሌ ሰው ነው፣ አባቱን ሰው ያውቃቸዋል፣ እሱ ግን ናይሮቢ ኖሮ ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ ተምሮ፣ የውጭ አገር ሸሪክ ይዞ፣ የእንግዳ ማረፊያና ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ እሠራለሁ ብሎ መሐል ሜዳ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪዋን ጥሩልኝ፣ ካርታ ማንበብ የምትችል ሰው እፈልጋለሁ፣ ካርታ ማንበብ የምችል እኔ ነበርኩ፣ ሜዳውም የእኛ ሜዳ ነው፣ አባቴ የሣሩ ዳኛ ናቸው፣ አባታቸውም ነበሩ። የእኛ ሣር ዓመት ሙሉ አይነካም፣ ሁለት ዓመት ሦስት ዓመት ይዘጋል፣ ጓሳ የምንለው ረጅሙ ሣር ወገብ እስኪደርስ ይተዋል፣ ከዚያ አንድ ቀን አባቴ ይከፍቱታል፣ የመጀመሪያዋን እፍኝ እሳቸው ያጭዳሉ፣ ቤቱን የሚከድን ይከድናል፣ ገመድ የሚገምድ ይገምዳል፣ ከዚያ ቀን በፊት ማጭድ ይዞ የገባ ሰው ከአገሩ ጋር ተጣላ ማለት ነው።

ታዲያ ይሄ ጨዋታ ምንድነው አሉኝ አባዬ፣ ነገርኳቸው፣ ኳሷን በዱላ ይመቷታል፣ ሄደው ያገኟታል፣ ደግሞ ይመቷታል፣ ጉድጓድ እስክትገባ። ኧረ ምን አድርጋቸው ነው? አሉ። ሣቅሁ። ረጅሙ ሣር አይነካም አባዬ፣ እንቅፋት ብለው ይፈልጉታል፣ ኳሷ እዚያ ከገባች ጨዋታ ይበላሽባቸዋል፣ ለዚያ ነው የሚጠነቀቁት። ለእንቅፋት ገንዘብ የሚከፍል ሰው አለ? አለ አባዬ። እንግዲያው የእኛን አገር ሰው ሁሉ እንሽጥላቸው፣ ብለው በርኖሳቸውን ጠቅልለው ሄዱ፣ ግን ገብቷቸው ነበር፣ ደስም ብሏቸው ነበር።

ሐሳቡ የእኔ ነበር፣ ይህን እንኳ ለራሴ ልበለው፣ አጭር ሣር የሚያስፈልገው በጎች ከጥንት ጀምሮ የሚሄዱበት ስስ ስስ መስመር ላይ ብቻ ነው፣ የቀረው ጓሳ እንዳለ ይቁም፣ በመክፈቻው ዓመት ሕዝቡ ይጨደው፣ ያን ዓመት ጨዋታው ይቀልላል፣ ሣሩ ሲያድግ ደግሞ ይከብዳል፣ ሜዳው ራሱ በየዓመቱ የተለየ ሜዳ ይሆናል፣ እንዲህ ስለው መልከ ጼዴቅ ትኩር ብሎ አየኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ናይሮቢም የለም፣ አንቺ ልጅ መሐንዲስ ነሽ እኮ። ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር።

ሁለት ወር አብረን ሄድን፣ እሱ ዱላ፣ እኔ ደብተር ይዤ፣ እርምጃ እየቆጠርኩ፣ ከፍታው ሦስት ሺህ ሜትር አልፏል፣ አየሩ ስስ ነው፣ ኳስ ባሕር ዳርቻ ከሚሄደው በላይ እዚህ ይሄዳል፣ ጠዋት ግን ውርጩ ኳሷን ድንጋይ ያደርጋታል፣ ስለዚህ ጠዋትና ከሰዓት አንድ ዓይነት ዱላ አይያዝም፣ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ኳስ ካረፈ በኋላ እንደ ጥንቸል ይዘላል፣ ባንዲራው ሥር ሳይሆን ሃያ እርምጃ ቀደም ብሎ ነው ማሳረፍ፣ እሱ አስተማረኝ፣ ተማርኩ፣ ከዚያ እኔ ነፋሱን አስተማርኩት። ጥሩ ጉድጓድ ሁለት መንገድ አለው ይለኛል፣ አንድ ለፈሪ አንድ ለደፋር፣ ፈሪው ይዘገያል እንጂ ይደርሳል፣ ደፋሩ ወይ ቶሎ ይደርሳል ወይ ይጠፋል፣ አንድ መንገድ ብቻ ያለው ጉድጓድ ተጫዋቹን ይንቀዋል። ሰባተኛውን ለእኔ ተወልኝ፣ ብቻዬን ነደፍኩት፣ በግራ በኩል በአጭሩ ሣር ዞሮ ጨፌውን እየሸሸ በሦስት ምት የሚደርስ መንገድ፣ በቀኝ ደግሞ በረጅሙ ጓሳ ላይ፣ በጅብራ ተክሎቹ መሃል፣ ወደ ገደሉ፣ በአንድ ምት። አንቺ በየትኛው ትሄጃለሽ? አለኝ። በግራው አልኩት። ታዲያ የቀኙን ለምን እንዲህ አሳመርሽው?

 መሬት መሬት አየሁ።

በስምሽ ይጠራል አለ። የትርሲት ጉድጓድ። እኔ መጠየቅ ቀርቶ አልሜው አላውቅም።

በማግስቱ ነው የመሬቱን ውል ወረቀት ያሳየኝ፣ እዚሁ፣ አሁን ከቆምኩበት ዝቅ ብሎ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ የሸሪኩ ቋንቋ ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ሊፈርሙበት ነው፣ እኔ ላነብላቸው፣ በአማርኛ። ክፍል አራትን አታንብቢው፣ አለኝ፣ ቀለል አድርጎ፣ ውኃ አቀብይኝ እንደሚል ሰው። አየሁት። ሜዳው ዙሪያውን ይታጠራል፣ ለሠላሳ ዓመት ማንም ሣር አያጭድም፣ ከብት አያስገባም። መልከ ጼዴቅ ይሄ እኮ ሁሉንም ነገር ያፈርሰዋል አልኩት። አውቃለሁ፣ አለ፣ ሸሪኬን ለማስደሰት የገባ ነው፣ አቦ አትጨነቂ፣ በሁለት ወር አስነሣዋለሁ፣ ባይነሣ እኔው ራሴ ለአባትሽ እነግራቸዋለሁ፣ በአባቴ አፅም። አሁን ካነበብሽው ግን አለቀ፣ ሰባተኛውም የለ፣ እኔም አልመጣ። የመጨረሻዋን በዝግታ ነው ያላት። እኔም አልመጣ። እሷን ነው የሰማሁት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከዚያ ሁሉ ቃል እሷን።

በእኛ ዘንድ ለሣሩ ነገር ወረቀት አይታመንም፣ የሚታመነው ጉባኤ ፊት ጮክ ብሎ የተነበበው ነው፣ አንባቢው የዳኛው የቤት ልጅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምስክር አይጠራም፣ ልጅ አባቱ ፊት አይቀጥፍም ተብሎ። ቆሜ አነበብኩ። ድምፄ ቀጭን ነው፣ ጮክ በይ አሉኝ፣ ጮክ አልኩ። ክፍል ሦስት ብዬ፣ ወደ ክፍል አምስት። ማንም አልቆጠረም። አባዬ የመጀመሪያውን አውራ ጣት አኖሩ፣ ቀለሙን በበርኖሳቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ልጄ አንብባለች አሉ፣ በኩራት ነበር ያሉት፣ ሌላው ሁሉ ተከተላቸው። ወረቀቱን አጣጥፎ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ውስጥ ከትቶ በእግሩ መሐል ሜዳ ለማኅተም ያደረሰው አባይነህ ነው፣ የጉባኤው ጸሐፊ፣ ታማኝ ብለው የላኩት።

ሁለት ወር አለፈ። ዓመት አለፈ። እየተነጋገርኩ ነው መሐንዲሴ። ሸሪኬ አገር የለም መሐንዲሴ። በሁለት ሺህ መክፈቻ ዓመቱ ደረሰና አገሩ ማጭዱን ስሎ ሲመጣ ሽቦ ጠበቀው፣ ዘበኛው ወረቀቱን አወጣ፣ ክፍል አራት፣ የሁሉም አውራ ጣት ከሥሩ። አባዬ ይህ አልተነበበልንም አሉ፣ ልጄ አንብባለች፣ ይህ አልነበረበትም፣ ስለዚህ ወረቀቱ መንገድ ላይ ተለውጧል፣ መንገድ ላይ የያዘው ማን ነው? እንዲህ ቀላል ሆነ። ምን ያህል ቀላል እንደነበር። አባይነህ አልለወጥኩም አለ። ማል አሉት። አልምልም፣ አልለወጥኩም ብያለሁ፣ ይበቃል፣ አባቴም ምሎ አያውቅም። የማይምል ሰው የሚደብቀው አለው ተባለ፣ ከእድሩ አስወጡት፣ ሠርግ አይጠራም፣ ደቦ የሚወጣለት የለም፣ ገበያ ላይ በጉን የሚጠይቀው ሰው የለም፣ ዘመሮ ድረስ ነድቶ ነው የሚሸጠው።

አባዬ እኔን አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር እላለሁ። ውሸት ነው። ባይጠይቁኝ ብዬ ስለት ተስያለሁ፣ ለሚካኤል፣ ጥላ አስገብቻለሁ፣ ምን ዓይነት ስለት ነው ይሄ።

አባይነህ እናቱ ሞቱበት፣ እማማ ወሰኔ፣ ወር አልሞላም፣ ቄሱና አባይነህ ከዘመሮ ከመጡ ሁለት ዘመዶች ጋር ሬሳውን ተሸከሙ፣ አራት ሰው፣ አልጋው ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ፣ እኔ ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ቆሜ አየሁ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፣ አንድ እርምጃ አልሄድኩም። አሁን አርባቸው እየደረሰ ነው፣ ለተዝካራቸው አንድ ሰው አይመጣም፣ ስለዚህ አባይነህ ሰው ልኮ እሺ አለ፣ ለውጫለሁ እላለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ለእናቴ ብቻ ሰው ይምጣላት። ዛሬ። ከቅዳሴ በኋላ። አባዬ ጠዋት ጫማቸውን እያሰሩ፣ ያ ሰው ዛሬ እውነቱን ሊያወጣ ነው፣ አንቺም ስምሽ ሊጠራ ነው፣ በትክክል ማንበብሽ ሊመሰከር ነው፣ ደስ ይበልሽ አሉኝ።

ደስ ይበልሽ።

ስለዚህ ነው ፈቃድ ጠይቄ እዚህ የመጣሁት፣ ለምርቃቱ አይደለም፣ መልከ ጼዴቅን ልወስደው ነው፣ ለአባትሽ እነግራቸዋለሁ ብለሃል፣ ዛሬ ነው፣ አሁን ነው፣ አልኩት በመኪናው አጠገብ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከጨዋታው በኋላ አለ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ እንደ ጥሩ በግ። አመንኩት እኮ። ስድስት ጉድጓድ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩት እኮ። እዚህ ደርሰን አንዱ እንግዳ፣ ፍሬንድ፣ ይሄን ሁሉ መሬት ገበሬው እንዴት ፈረመልህ ሲለው፣ ሣቀ፣ ባክህ እሱማ ፊልም ነው አለ፣ ፈርመው ሲያበቁ አልፈረምንም አሉ፣ ደግሞ ማንን ቢይዙ ጥሩ ነው? ምስኪን ጸሐፊያቸውን፣ መንገድ ላይ ሸጠን ብለው፣ ይኸው እስከ ዛሬ አኩርፈውት፣ ዛሬ ደግሞ ሰውዬው ያልሠራውን ሠርቻለሁ ሊል ነው አሉ፣ አቤት የመንዝ ነገር! ሁሉም ሣቁ። እሱ እየሣቀ ወደ እኔ ዞረ፣ አንድ ዓይኑን ጠቀሰኝ።

ጠቀሰኝ። እንደ ግብረ አበር። ነኝም።

ከዚያ ነው አስተርጓሚያችን እስቲ ትሞክር ያለው፣ ዱላውን እጄ ላይ ያኖረው። አራት ዓመት፣ የተወልኝን አሮጌ ዱላ ይዤ ከትምህርት በኋላ ሰው ሳያየኝ በጎች መሃል ስንት ሺህ ጊዜ እንደመታሁ አያውቅም፣ አልነገርኩትም፣ ሲመጣ ላስደንቀው ነበር ሐሳቤ፣ ሲመጣ፣ ሁልጊዜ ሲመጣ። ባንዲራው ይርገበገባል፣ መቶ ስልሳ እርምጃ፣ ነፋሱ ተነሥቷል፣ ወደ ግራ ምቺ ይለኛል ከጀርባዬ፣ ወደ አጭሩ ሣር፣ አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ ለእንግዶቹ ደግሞ ዝቅ አድርጎ፣ ዓይነ አፋር ናት። ዓይነ አፋር ነኝ። ልክ ነው። ዓይነ አፋርነት ግን ምን ያህል ነገር እንደሚሸፍን እናንተ አታውቁም፣ ሰው ጨዋ ናት ይላል፣ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች ይላል፣ የምደፋው ሰው ዓይኔ ውስጥ ክፍል አራትን እንዳያነብ ነው።

ወደ ገደሉ። ትከሻዬን አዞራለሁ፣ አንዷ ኧረ ወዴት ነው የምትመታው ትላለች፣ እመታለሁ።

ድምፁ ጥሩ ነው።  ኳሷ በጓሳው ላይ፣ በጅብራዎቹ ላይ፣ ወደ ባዶው ትሄዳለች፣ ገደል ገባች ይላሉ፣ ሄደች፣ ከዚያ ነፋሱ ያገኛታል፣ ቀስ ብላ ትታጠፋለች፣ ሃያ እርምጃ ቀደም ብላ ታርፋለች፣ ትዘላለች፣ ትንከባለላለች፣ ባንዲራው ሥር ሁለት ክንድ ያህል ቀርታ ትቆማለች።  ከዚያ ጭብጨባ፣ ጩኸት፣ ይመችሽ የሚል፣ እና የእሱ ድምፅ፣ ዕድል ነው፣ ዕድል ነው፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አንዳንዴ ይገጥማል።

ዕድል ነው አለ። ልጣላው ይገባ ነበር። ሰባተኛው የእኔ ነው ብዬ እነዚህ ሁሉ ፊት መናገር፣ ነፋሱን ማን እንደነገረህ ንገራቸው ማለት፣ አሥር ጊዜ በሐሳቤ ብዬዋለሁ፣ አሁን አፌ ላይ ደርሳ ምንም አትጥመኝም። ጉድጓዱን ይውሰደው። የዘረፈኝ ጉድጓድ አይደለም። እኔም እሱን ለመክሰስ አፍ የለኝም፣ ወረቀቱን የጻፈው እሱ ነው፣ የዘለለው ግን የእኔ አንደበት ነው፣ ማንም እጄን አልጠመዘዘም፣ አልመጣ ብቻ አለኝ፣ ለአንድ አልመጣ አንድ አገር ሣር፣ አንድ ሰው።

መልከ ጼዴቅ፣ እሄዳለሁ። ወዴት? ወደ ሚካኤል። ከጨዋታው በኋላ አልኩሽ እኮ። አዎ ብለሃል። ቆይ፣ ትርሲት፣ ቆይ እንጂ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ምን ልትያቸው ነው? ስሜን አታንሺ፣ እሺ? ያስፈራል ፊቱ፣ አይ፣ ፈርቷል ነው፣ እስከ ዛሬ ፈርቶ አይቼው አላውቅም፣ እንዲህ ተራ ሰው መሆኑ። ዱላውን መሬት ላይ አኖራለሁ። በግራው መንገድ አልሄድም፣ ይዘገያል፣ ቀጥ ብዬ በጓሳው ውስጥ ነው፣ ቀሚሴ ይያዛል፣ ጤዛ የለም፣ ሣሩ ደርቆ ይቧጭራል፣ ወገቤን አልፏል፣ ከሁለት ዓመት በፊት መታጨድ ነበረበት፣ የአባዬ ቤት ጣሪያ በማዳበሪያ ከረጢት ተለጥፏል፣ ሽቦው ጋ ደረስኩ፣ ዘበኛው ኧረ መምህርት በበሩ ይውጡ ይላል፣ በሥሩ አለፍኩ፣ ነጠላዬ ተቀደደ፣ ይቀደድ።

ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር በድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠዋል፣ እንደ ወትሮው፣ አባዬ መሃል፣ ቄሱ በቀኝ፣ ከፊት ለፊታቸው ለብቻዋ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች፣ የተከሰሰ ሰው የሚቀመጥባት፣ አባይነህ እዚያ ነው፣ ጠጉሩ ሸብቷል፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዟል፣ እየተናገረ ነው፣ እንግዲህ ጌቶቼ፣ ያ ወረቀት፣ መንገድ ላይ፣ ይላል፣ ያቆማል፣ አይወጣለትም፣ ሰውዬው ውሸት አልለመደም፣ በለው እንጂ ይለዋል አንዱ፣ እናትህ እንዳትጠብቅ።

አልለወጠም እላለሁ።

ድምፄ ቀጭን ነው። አልተሰማም። ጮክ እላለሁ። አባይነህ አልለወጠውም፣ ወረቀቱ ያው ነው፣ ክፍል አራት ያን ቀንም ነበረበት፣ አይቼዋለሁ፣ ዘለልኩት፣ አውቄ ነው የዘለልኩት።

 አንድ ሰው በስመ ሥላሴ ይላል። አባዬን አያለሁ፣ ቀና ብዬ፣ እንደዚህ ቀና ብዬ አይቻቸው አላውቅም፣ ትርሲት ሊሉ ነው፣ ልጄ ምን ሆነሻል ሊሉ ነው፣ አላሉም፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ በትራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ያዞራሉ፣ ከዚያ የዳኛ ድምፅ ነው የሚወጣው፣ ለባዕድ የሚናገሩበት፣ ወይዘሪት ትርሲት መኳንንት፣ ይላሉ፣ የገዛ ስማቸውን እንደማያውቁት ሰው ስም ጠርተው፣ ማን አስዘለለሽ?

ስሜን አታንሺ። ይሰማኛል። ማንሣት እችላለሁ፣ ደግሞም አነሣዋለሁ፣ ሊያውቁት ይገባል፣ ሽቦው እንዲነሣ ከተፈለገ ስሙ ያስፈልጋል፣ ግን መጀመሪያ እሱ ከሆነ እኔ ከኋላው ልቆም ነው፣ እንደገና። እኔ ነኝ የዘለልኩት አባዬ፣ የጠየቀኝን ሰው ቀጥሎ እነግርዎታለሁ። አባዬ አትበይኝ፣ እዚህ ዳኛ ነኝ። እሺ። እሺ ጌታዬ። ተቀመጪ።

የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ነው ያለው። እግሬ ይሄዳል። አባይነህ አያየኝም፣ መሬት መሬት እያየ ነው፣ ይነሣል ብዬ ነው፣ እንዲነሣ፣ ከእኔ እንዲርቅ፣ ወደ ሰዎቹ እንዲሄድ፣ ነፃ ነው እኮ፣ ተነሣ እንጂ፣ ብትተፋብኝም እሺ፣ አልተነሣም፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ ያኖራል፣ በእጁ የድንጋዩን ጠጠር ይጠርጋል፣ ትንሽ ጠጋ ይልልኛል፣ ሰው ለሰው ቦታ እንደሚለቅ፣ ድንጋዩ ቅዝቅዝ ያለ ነው፣ ተቀመጥኩ፣ ቀጥይ ይላሉ ዳኛው፣ እቀጥላለሁ፣